አመድ የነካው በረዶ

መጋቢት 19፣ ዓርብ። ጠዋት 3፡15

4.2። ጻፍኩ፣ ላክሁ። ቱቦዋን ደፋሁ፣ አጠብኩ፣ ቦታዋ መለስኩ።

ዛሬ ጉንዳን ሰጥሞባት አገኘሁ። አንድ ጉንዳን ውሃውን ስንት ከፍ እንደሚያደርግ አላውቅም። አውጥቼ ነው ያነበብኩት።

ደብተሬ፣ አንቺ ሁለተኛዋ ነሽ። የመጀመሪያዋ መምህርት ብርቱካን የሰጡኝ የተሰመረች ወረቀት ናት። ቀን፣ ሰዓት፣ ሚ.ሜ.፣ ምልክት። እሷ ላይ ከቁጥር ሌላ አይጻፍም። ቁጥር ያልሆነው ሁሉ አንቺ ጋ ይመጣል።

መ/ርት ብ. ከዩኒቨርሲቲ ናቸው። ሳተላይት ከላይ ሆኖ እዚህ ይህን ያህል ዘነበ ይላል። እሳቸው ደግሞ እውነት ዘንቦ እንደሆነ ከታች ካለው ጋር ያስተያያሉ። ከታች ያለው የእኛ ግቢ ነው። መሀል ግቢ እንጨት ላይ የቆመ ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ላዩ ሰፊ አፍ፣ ውስጡ ጠባብ ቱቦ። ጠዋት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አነባለሁ፣ በእማዬ ስልክ መልእክት እልካለሁ። በቃ።

መጀመሪያ የፈለጉት ማርታን ነበር። ማርታ የጎረቤታችን የጋሼ ሎንሳ ልጅ ናት፣ ዘጠነኛ ክፍል፣ የማታወራው ሰው የለም። ግን ጠዋት ትምህርት ቤት ናት። እኔ ስምንተኛ ላይ ወደቅሁ፣ ሁለተኛ ለመፈተን አፈርኩ፣ ቀረሁ። ጠዋትም ከሰዓትም ቤት ነኝ። ስለዚህ እኔ ሆንኩ።

ቤት ውስጥ የምናወራው ወላይትኛ ነው። አንቺን በአማርኛ የምጽፍሽ እማዬ አማርኛ ማንበብ ስለማትችል ነው። ይቅርታ። ግን እንደዚያ ነው።


መጋቢት 21፣ እሑድ። ከሰዓት 9፡00

0.0። እሑድም ይነበባል። አንብቤ ነው ቸርች የሄድኩት፣ ዘገየሁ፣ ከኋላ ተቀመጥኩ። ባልዘገይም ከኋላ ነኝ።

እማዬ የሴቶችን ጸሎት መራች። እዚያ ስትቆም ድምፅዋ የሌላ ሰው ይሆናል። ቤት እንደዚያ አትናገርም። አባዬ ከሞተ ወዲህ ቀና ብላ የማያት እዚያ ብቻ ነው።

ከጎኔ እትዬ አማረች ነበረች። አምና የታመመ ልጇ አንገት ላይ ክር አስራ ተገኘች። ሽማግሌዎቹ ይሄ የድሮ ነገር ነው አሉ፣ ከመዘምራን አወረዷት። እስካሁን ከኋላ ነው የምትቀመጠው። መዝሙር ሲዘመር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም።

መውጫው ላይ ማርታ ያዘችኝ። በሰው ፊት ሜትሮሎጂ እያለች ትጠራኛለች። ነገ ልብስ ልጠብ ወይስ ይዘንባል አለችኝ። እኔ የማውቀው ያለፈውን ነው አልኳት። እንግዲያው አያቴ ነሽ በያ አለች። ሳቅሁ። ከእሷ ጋር ብቻ ነው ስስቅ ድምፄ የሚሰማኝ።


መጋቢት 23፣ ማክሰኞ። ቀን 8፡30

ጠዋት 7.6።

መ/ርት ብ. መጡ፣ በባጃጅ፣ ጫማቸው ጭቃ። መለኪያው ቀጥ ብሎ መቆሙን በውሃ ልክ አዩ። ወረቀቴን ገለበጡ። ጽሑፍሽ ንጹሕ ነው አሉኝ። ምን እንደሚመለስ ስላላወቅሁ ሄጄ የተቀቀለ ቦዬ፣ ከጓሯችን የተነቀለ ሥራ ሥር፣ አመጣሁ።

እየበሉ ስለበረዶ አወሩ። ውጭ አገር ሲማሩ ስላዩት። እንደ ጥጥ ወርዶ ተራራ ላይ ለወራት ይተኛል። ከተራራው በታች ያለው ከተማ በበጋ የሚጠጣው እሱ ሲቀልጥ ነው። ስለዚህ ሳይቀልጥ በፊት ስንት ውሃ ይዞ እንደተኛ ማወቅ አለባቸው። በሳተላይት ይገምቱታል። መሬት ራሷ ዓይን የማያየው ሞገድ ወደ ላይ ትሰዳለች። በረዶው ላይዋ ሲተኛ ሞገዱን ይበትነዋል። በረዶው በወፈረ ቁጥር ላይ የሚደርሰው ያንሳል። ከጎደለው ተነስተው ውሃውን ያሰላሉ። ይሄ ገረመኝ። በጎደለው መቁጠር።

ግን ይሳሳታል አሉ። በረዶው ትንሽ ከረጠበ ሳተላይቱ ባዶ መሬት ይመስለዋል። ስለዚህ ሰው በእግሩ ሄዶ በረዶው ውስጥ ቱቦ ይተክላል፣ ያወጣል፣ ይመዝናል። እሳቸውም ከሚሄዱት አንዷ ነበሩ። አንድ ቀን የእግር ጣታቸው ደነዘዘ፣ መጨረሻው ቦታ ሳይደርሱ ተመለሱ። ቁጥር ቢፈጥሩ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። ወረቀቱ ላይ አግድም ጭረት አደረጉ። አስተማሪያቸው ያን ጭረት አይቶ አመሰገናቸው። ባዶ ቦታ ማንንም አያሳስትም፣ ያልታየ ቁጥር ግን ሳተላይቱን ሳይቀር ይዞ ይሳሳታል አላቸው።

ያመለጠሽ ቀን ጭረት አድርጊ፣ ታዴ። ጭረት አያሳፍርም። እንዲህ አሉኝ።

እዚህም በረዶ ከወረደ እንዳትደፊው አሉ። በረዶም ውሃ ነው። መለኪያውን ቤት አስገቢ፣ ክደኚ፣ ይቅለጥ፣ ከዚያ አንብቢ። ምልክት በሚለው ላይ በረዶ ብለሽ ጻፊ።

እሺ አልኩ። ልጠይቃቸው የፈለግሁት ጣታቸው ዳነ ወይ ብዬ ነበር።


መጋቢት 26፣ ዓርብ። ማታ 12፡30

ዛሬ ጽሑፌ ጠማማ ነው። ከብርድ ነው። ከሌላም ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዳሞታ ጠቆረ። ተራራው ጠፋ፣ ደመና ብቻ ሆነ። መጀመሪያ ወፍራም ጠብታ። ቀጥሎ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የሚገለብጡ መሰለ። በረዶ። ቦሎቄ የሚያህል፣ ከዚያ ከቦሎቄ የሚበልጥ። የእንሰቱ ቅጠል እየተተለተለ ይንጠለጠላል። ዶሮዎቹ አልጋ ሥር ገቡ። እማዬ ጸሎት ጀመረች። ቆየች፣ አቆመች። ማዕድ ቤት ሄደች። በአካፋ ትኩስ አመድ ይዛ ወጣች።

ነገሩን አውቀዋለሁ። ትንሽ ሆኜ አይቻለሁ። እናቷ ታደርግ ነበር፣ እሷም ታደርግ ነበር። በረዶ ሲበረታ ከምድጃ አመድ ዝቀው ወደ ደጅ ይበትናሉ፣ እንዲያቆም። ጌታን ከተቀበለች ወዲህ የተወችው መስሎኝ ነበር።

አንድ ጊዜ በተነች። ሁለት። ሦስተኛውን ነፋስ ያዘው። መለኪያው ላይ ሲያርፍ አየሁ። ትስስ አለ። ፍም ነበረበት።

በረዶው ቆመ። ወዲያው አይደለም፣ ግን ቆመ። እማዬ ፊቴን ሳታይ አካፋውን አስቀምጣ ገባች።

ግቢው ነጭ። ዳሞታ ከወገቡ በላይ ነጭ። ደብተሬ፣ እንደዚያ አይቼ አላውቅም። ከሥሩ የሰው ቦሎቄ ተኝቶ ቆንጆ ነበር ማለት ኃጢአት ነው። ግን ቆንጆ ነበር። ስንት ውሃ ይዞ ይሆን አልኩ በልቤ።

ማርታ በረዶ በእፍኟ ይዛ እየሮጠች መጣች፣ አንገቴ ውስጥ ከተተችው። መለኪያውን ከሩቅ አይታ፣ ሜትሮሎጂ፣ ዛሬስ ጢም ብሎልሻል አለች። አባቷ ከማሳው ጠሯት። የጠሩበት ድምፅ ሳቋን አቆመው። ሄደች።

ቀርቤ አየሁ። እስከ አፉ በረዶ። ላዩ ግራጫ። ጠርዙ ላይ ፍሙ ያረፈበት ቦታ ቡኒ ሆኖ ቀልጧል፣ የጥፍር ያህል።

ቤት ማስገባት ነበረብኝ። መክደን። ማቅለጥ። እጄን ዘርግቼ ነበር። ግን ቢቀልጥ ውሃው አመድ ነው። መ/ርት ብ. መጥተው አመድ ከየት መጣ ቢሉ? ሰው ቢሰማ? እትዬ አማረች ታየችኝ፣ ድምፅ የሌለው ከንፈሯ።

ደፋሁት። ሦስት ጊዜ አጠብኩት። በረዶው አጥሩ ሥር ክምር ሆኖ አሁንም አለ። ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ።


መጋቢት 27፣ ቅዳሜ። ጠዋት 3፡20

ቱቦዋ ባዶ ናት። እንዲህ ንጹሕ ሆና አታውቅም።

ጭረት ላድርግ ብዬ እስክሪብቶውን አቀረብኩ። ጭረት ካደረግሁ ይደውላሉ። ለምን ይላሉ። በስልክ ለምን ከተባልኩ አፌ ይዘጋል፣ አውቀዋለሁ።

12 ጻፍኩ። ለምን 12 እንደሆነ አትጠይቂኝ። 40 አሰብኩ፣ በዛብኝ። 3 አነሰ። 12 ውሸት አይመስልም። ከዚያ 12.4 አደረግሁት፣ የተለካ እንዲመስል። ያቺ ነጥብ አራት ከሁሉም የባሰች ናት።

ምልክት የሚለውን ባዶ ተውኩት። በረዶ ብል እንዴት አቀለጥሽው ይሉኛል።

ላክሁ። አጥሩ ሥር ያለው ክምር ቀልጦ አልቋል። አመዱ ብቻ ቀርቷል፣ ቀለበት ሠርቶ።


ያው ቀን፣ ከሰዓት 10፡00

መ/ርት ብ. ደወሉ።

ደስ ብሏቸዋል። የሳተላይቱ ደርሷቸዋል፣ 11.5 ይላል። የአንቺ 12.4። ታዴ፣ ከሳተላይቱ ጋር ተናበባችሁ አሉኝ። ሳቁ። ሳተላይቱ አገሩን በትልልቅ ካሬ ከፋፍሎ ነው የሚያየው፣ የእኛ ካሬ ወደ አረካ የሚወስደውንም መንገድ ይዟል። አንድ ጠባብ ቦታ ብቻ ኃይለኛ ነገር ቢወርድ ካሬው ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋበታል፣ ያን የሚያሳየኝ ያንቺ ቁጥር ነው አሉ። ዛሬ ግን ደህና ነው፣ እኩል ነው።

ወደ ከተማው ጥቂት ጠብ ብሎ እንደነበር ነገሩኝ። እናንተ ጋ እንዴት ነበር አሉ። ደህና ነበር አልኩ።

ደህና ነበር አልኩ፣ ደብተሬ።


መጋቢት 30፣ ማክሰኞ። ከሰዓት 9፡40

1.0።

ጋሼ ሎንሳ ማሳ ሄድኩ፣ ማርታን ፍለጋ። ቦሎቄው ግንዱ ብቻ ቆሟል፣ እንደ ክብሪት እንጨት። ቅጠሉ ጭቃ ውስጥ ተቀብሯል። ከእኛ ቤት በታች ያሉት አንድ ቅጠል አልተነካባቸውም። ከተራራው የወረደው ጠባብ ነው፣ እንደ መቀነት። የመታው ስምንት ቤት ነው። እኛ የምንኖረው ከእንሰቱና ከእማዬ ስፌት ነው። ጋሼ ሎ. ግን ያላቸውን ዘር በሙሉ እዚያ ነው የዘሩት።

አልተጨነቁም። ግብርና ቢሮ ለተጎዳ ሰው የቦሎቄ ዘር ይሰጣል አሉ፣ አመልክተናል። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ መሬት ከገባ ይደርሳል። ማርታ ከኋላቸው ሆና የእሳቸውን አነጋገር እያስመሰለች አሳቀችኝ።

እየሳቅሁ ያቺን 12.4 አሰብኩ። ቢሮው ምኑን አይቶ ነው የሚሰጠው? መጠየቅ ፈለግሁ። አልጠየቅሁም።


ሚያዝያ 6፣ ሰኞ። ከሰዓት 11፡00

ጋሼ ሎ. ከቢሮ ሲመለሱ በእኛ በኩል አለፉ። ለእማዬ ሲነግሯት ከውስጥ ሰማሁ።

ባለሙያው ኮምፒውተር ከፈተ። ሳተላይቱ የዚያን ቀን 11.5 ይላል። ከመሬት የተለካው፣ ዩኒቨርሲቲው የላከው፣ 12.4 ይላል። በረዶ የሚል የለም። ሁለቱ ባይስማሙ ኖሮ ሰው እንልክ ነበር፣ አሁን ግን በምን እንላክ አላቸው። በትሕትና ነው የነገራቸው፣ ወንበር ሰጥቶ። ኑና ማሳውን እዩ አሉት። አሁን መጥቼ ባይ በረዶ ይሁን ከብት በምን አውቃለሁ አለ።

ከዚያ ጠሩኝ። ታዴ ልጄ፣ ነይ እስቲ። ወጣሁ። ያንቺ ዕቃ ያን ቀን ስንት ነበር ያለው አሉኝ።

መሬት መሬት እያየሁ አሥራ ሁለት ነጥብ አራት አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። እንግዲህ ካለ አለ ነዋ። እኔ የለካሁት በቆርቆሮ ጩኸት ነው፣ የሽማግሌ ጆሮ ደግሞ ያበዛል አሉ። ፈገግ አሉ። አላመሰገኑኝም ብዬ እንዳልከፋ ደግሞ፣ ጎበዝ፣ በየቀኑ ትጽፊያለሽ አሉኝ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በዓይናቸው ያዩትን ትተው እኔን አመኑ። ስምንቱም ቤት ዘር የለም ተባለ።

እማዬ እኔን አላየችም። መለኪያውን ነበር የምታየው።


ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ። ከሰዓት 10፡30

0.6።

ዛሬ ልናገር ሶዶ ሄድኩ። ለእማዬ ክር ልገዛላት ነው አልኳት። ሌላ ውሸት። ባጃጁ ውስጥ የምለውን ተለማመድኩ። በኦቶና ሆስፒታል በኩል ስናልፍ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነበረኝ። የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ስደርስ አንድ። ጥበቃው ማንን ፈልገሽ ነው አለኝ። ማንንም አልኩ።

ማንንም እዚህ አይሠራም አለኝ። ለጨዋታ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። ጥላው ሥር ተቀመጪ አለኝ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ተማሪዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። በእኔ ዕድሜ ያሉ አሉ፣ መጽሐፍ በደረታቸው ይዘው።

እዚያ ተቀምጬ አንድ ነገር ገባኝ። አመዱን አጥልዬ ውሃውን መለካት እችል ነበር። እፍኝ አመድ ስንት ይጨምራል? ምንም። ወረቀቱ ላይ አመድ የሚል ቦታ የለም፣ ማንም አይጠይቀኝም ነበር። እኔ መጀመሪያ አፈርኩ፣ ከዚያ አጠብኩ፣ ያሰብኩት መጨረሻ ላይ ነው። ሁልጊዜ እንደዚህ ነኝ። የስምንተኛ ክፍሉም እንደዚያው ነው።

ጥበቃው ውሃ ሰጠኝ። ጠጣሁ። መ/ርት ብ. ከሩቅ ሲያልፉ አየኋቸው፣ ከሌላ መምህር ጋር እያወሩ። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

ክር ገዝቼ ተመለስኩ።


ሚያዝያ 10፣ ዓርብ። ጠዋት 4፡30

ዛሬ ያነበብኩት አንድ ሰዓት ዘግይቼ ነው። 0.0። አራት ሰዓት ብዬ ጻፍኩ፣ እንዳለ።

ማርታ ሄደች። ዲምቱ ከተማ። አክስቷ ሻይ ቤት አላት፣ እሷ ጋ ትሠራለች። ትምህርቱስ አልኳት። ቦሎቄ ትምህርት ቤት አይልከኝም አለች፣ ቦሎቄ ከሌለ ደግሞ ጭራሽ። የምትቀልድ መሰለኝ። ፊቷን ሳይ አልነበረም።

የጂኦግራፊ ደብተሯን ሰጠችኝ። ያለፈውን ስለምትወጂ አለች።

መንገዱ ድረስ ሸኘኋት። ሚኒባሱ ሲመጣ ቆም ብላ አየችኝ። ታዴ፣ ያን ቀን ጢም ብሎ አልነበር እንዴ አለች። ሜትሮሎጂ አላለችኝም። ታዴ ነው ያለችኝ።

መሬት እንኳ አላየሁም፣ ፊቷን እያየሁ ነው ዝም ያልኩት። ጥቂት ጠበቀችኝ። ረዳቱ ግቢ ግቢ አላት። ዝናብ ሲኖር ደውዪልኝ አለች፣ ገባች።

እጄን አወጣሁ ላውለበልብ። ሚኒባሱ ጥግ ዞሮ ነበር።

አሁን እሷ ቦታዋ ላይ የለችም፣ በእኔ ምክንያት። ቁጥሩ እንደዚያ ነው የሚነበበው። በጎደለው።


ሚያዝያ 13፣ ሰኞ። ከሰዓት 9፡00

ትናንት ፋሲካ ነበር። እማዬ ቸርች ቆማ ጸለየች፣ መሀል ላይ ድምፅዋ ተቆረጠ። ሴቶቹ ያለቀሰች መሰላቸው፣ እነሱም አለቀሱ። እኔ ከኋላ አየኋት። አላለቀሰችም። ቃል ጠፋት።

ዛሬ ስፌቷን ይዛ ደጅ ተቀምጣ ሳለ አንቺን ይዤ ወጣሁ፣ ደብተሬ። አትቆጪኝ። ያላንቺ ሌላ መንገድ አጣሁ፣ በቃሌ መናገር አልችልም። ከመጋቢት 26 ጀምሬ እያነበብኩ በወላይትኛ ነገርኳት። አመድ የሚለው ላይ ስደርስ መርፌዋ ቆመ። 12.4 ላይ ስደርስ ያ ምንድን ነው አለች። እኔ የፈጠርኩት ነው አልኳት። ጋሼ ሎ. ጎበዝ ያሉኝን አነበብኩ። ማርታን አነበብኩ። የአግዳሚውን ላልፈው ነበር፣ አላለፍኩትም።

አንድ ዶሮ የእማዬ እግር ሥር መጥታ ክሩን ጎተተች፣ አላባረረቻትም።

ስታጥቢው አይቼሻለሁ አለች በመጨረሻ። በመስኮት። የኔን ነውር እያጠበችልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ሎንሳ ሲመጣ ገባኝ። ገብቶኝ ዝም አልኩ።

ታዲያ ቢያወርዱሽስ አልኳት። እንደ እትዬ አማረች?

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። ከኋላ ቢያስቀምጡኝ ከአንቺ ጎን ነው አለች።

ከዚያ ደግሞ ተቆጣች፣ በደንብ ተቆጣች። ሁለት ሳምንት አንድ ቤት ውስጥ እያደርን ለወረቀት ትናገሪያለሽ ለእኔ አትናገሪም አለች። እውነቷን ነው። አንቺም ብትሆኚ እውነቷን ነው ትያለሽ።

ጋሼ ሎ. ቤት ዛሬውኑ ልሂድ አለች። እኔ አብሬ እሄዳለሁ አልኩ። ሄድን።

እሷ ስለአመዱ ተናገረች፣ እኔ ስለቁጥሩ። የኔ አራት ቃል ነበር። ጋሼ ሎ. መጀመሪያ ሳቁ፣ እንግዲያስ ጆሮዬ ደህና ነው አሉ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። ወደ ውስጥ ዞረው የማርታን አልጋ አዩ መሰለኝ። ለልጄ ነገርሻት ወይ አሉ። አልነገርኳትም አልኩ። ተነሥተው ወደ ጓሮ ሄዱ። አልተመለሱም። ቆመን ጠበቅናቸው፣ ከዚያ መጣን።


ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ። ጠዋት 3፡10

0.0። ጻፍኩ፣ ላክሁ።

ለመ/ርት ብ. ደወልኩ። በሕይወቴ ራሴ ደውዬ አላውቅም። ታዴ፣ ምነው በሰላም አሉ። የመጋቢት 27 ጠዋቱ 12.4 ጭረት ነው አልኩ፣ አልለካሁትም፣ በረዶ ነበር፣ ደፋሁት። በአንድ ትንፋሽ። ወረቀት ሲገለበጥ ይሰማኛል። ከዚያ ሲያወሩ ድምፃቸው እንደ በፊቱ አልነበረም። ያን ቁጥር ለስንት ሰው አሳይቼዋለሁ አሉ። አልጮሁም። ሳተላይቱ ተሳስቶ እንደነበር አንቺ ብቻ ነበርሽ የምታውቂው አሉ።

አዎ አልኩ።

ቢሮ ድረስ አብሬያችሁ እሄዳለሁ፣ ግን የምትናገሪው አንቺ ነሽ አሉ። ያየ ሰው እንጂ የሰማ ሰው ምስክር ሆኖ አይጻፍም። ማሳው ታርሶ ተገልብጦ ሊሆን ስለሚችል ቢሮው እሺ ይበል አይበል አላውቅም አሉ። መለኪያውን ከእኔ ይወስዱብኝ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ይውሰዱ።

ወረቀቱ ላይ 12.4ን ሰረዝኩ፣ ግን እንዲነበብ አድርጌ። ከጎኑ አግድም ጭረት። ምልክት በሚለው ላይ፦ በረዶ፣ እስከ አፉ።

እማዬ የቸርች ጫማዋን አድርጋለች። ጠርዙ የቀለጠውን የመለኪያውን አፍ ነቅላ በፌስታል ይዛለች፣ ማስረጃ ነው ትላለች። ስምንቱም ቤት ዘር ቢያገኝ ገና ሁለት ሳምንት አለ። ጋሼ ሎ. ደጃችን ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን አጣፍተዋል። እኔን አላዩኝም፣ ግን መጥተዋል።

ለማርታ ገና አልደወልኩም። ዝናብ ሲኖር ነው ያለችኝ፣ ዛሬ ሰማዩ ባዶ ነው። ከቢሮ ስወጣ ግን፣ ይስጡ አይስጡ፣ በመጀመሪያ የምላት ጢም ብሎ ነበር፣ እስከ አፉ፣ ያየሽው ልክ ነው፣ እኔ ነኝ

ባጃጁ መጣ።